ኮርሱን ከመዝለሏ በፊት



ለልጅ ከሚነገረው ምስጋና ሁሉ የእናትን ጆሮ ደስ የሚያሰኘው «ልጅሽ ክፍል ዘለለች» የሚለው ነው። እናት ይህን ስትሰማ ቀና ብላ ትሄዳለች፤ ጎረቤትም ቡና ላይ ያነሣዋል። ልጅቷ የዘለለችው ምኑን ነው? ዘልላስ ምን ላይ ዐረፈች? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙ አይደለም። ዛሬ በዚህ ዓምድ ላነሣው የፈለግሁት ይህንኑ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ወደ እኔ ቤት የመጣው ከሩቅ አገር፣ ያውም ከጦር አካዳሚ ደጃፍ ነው። ይሁን እንጂ መልሱ ለመካነ ሰላምም፣ ለአቀስታም፣ ለወግዲም እናት የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘሁት ላካፍላችሁ ወደድሁ።

እኔ በመካነ ሰላም ተወልጄ በዚያው ሒሳብ የማስተምር ሴት ነኝ። ከተማችን ከደሴ በስተምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች የቦረና ደጋ ከተማ ናት። ታናሽ እኅቴ ከዚሁ ወጥታ በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ ግዛት ትኖራለች። እዚያ የወለደቻት ልጇ በ2017 ዓ.ም. ከአገሪቱ የጦር አካዳሚዎች ወደ አንዱ እንድትገባ ተፈቀደላት። እኅቴም ደውላ፣ «እትዬ፣ ልጅቷ በሒሳብ ከተፈተነች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኮርሶች መዝለል ትችላለች አሉን። አንድ ዓመት ተረፈልን ማለት ነው፤ እስቲ አንቺ አስጠኚያት» አለችኝ።

ነገሩ እንዲገባችሁ በመጀመሪያ አሠራሩን ላስረዳ።

በአሜሪካ የጦር አካዳሚ የሚገባ ወጣት ከሰልፉና ከወታደራዊ ሥልጠናው ጋር የአራት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት ይማራል። እ.ኤ.አ. በ1845 በአናፖሊስ ከተማ በተቋቋመው የባሕር ኃይል አካዳሚ ታሪክ ወይም ሥነ ጽሑፍ ያጠና ተማሪ እንኳ የሚመረቀው በሳይንስ ዲግሪ ነው። ስለዚህ ካልኩለስ ከሚባለው የሒሳብ ዓይነት የሚያመልጥ የለም። አዲስ ገቢዎቹ በእኛ የክረምት ወራት፣ ስልካቸውን አስረክበው፣ ከንጋት እስከ ማታ በሥልጠና በሚደክሙበት ሰሞን የሒሳብና የሌላም ትምህርት ፈተና ይቀመጣሉ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳሉ የወሰዱት የኮሌጅ ደረጃ ፈተና ውጤትም ይታያል። የመጀመሪያውን ኮርስ እንደሚያውቅ ያስመሰከረ ተማሪ ኮርሱን እንደተማረው ተቆጥሮለት በሚቀጥለው ይጀምራል።

እዚህ ላይ የእኅቴን የመጀመሪያ ሐሳብ ማቃናት ነበረብኝ። ኮርስ ተዘለለ ማለት ዓመት ተዘለለ ማለት አይደለም። አካዳሚው የሚያፈራው መኮንን ነውና አራቱ ዓመት አራት ዓመት ነው፤ ሁሉን በፈተና ያለፈ ተማሪ ቢገኝ እንኳ ቀድሞ አይመረቅም። ትርፉ ሌላ ነው። በተለቀቀው ቦታ ከፍ ያለ ሒሳብ፣ ተጨማሪ ቋንቋ ወይም ሁለተኛ የትምህርት ዘርፍ ይገባበታል። በአናፖሊስ እጅግ የገፉ ተማሪዎች በመጨረሻው ሴሚስተር በአቅራቢያ ባለ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ትምህርት እስከ መጀመር ይደርሳሉ። እንግዲህ ለልጅቷ ሊተርፍላት የሚችለው ዓመት ሳይሆን ቦታ ነበር።

«የጦር አካዳሚ ነገር በሴቶችና በቤተሰብ ዓምድ ምን ይሠራል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የሐረር የጦር አካዳሚ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በሕንድ መኮንኖች እየተመራ ዕጩዎቹን ለሦስት ዓመት ሲያስተምር እንደነበር እናውቃለን፤ ስለ እርሱ በየቤቱ ሲወራ የሰማነው ግን ሁልጊዜ ስለ ወንድሞቻችንና ስለ አጎቶቻችን ነው። በአሜሪካም ቢሆን በሩ ለሴት የተከፈተው ቅርብ ጊዜ ነው። ሴቶች ወደነዚህ አካዳሚዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1976 ነበር። በዚያ ዓመት ዌስት ፖይንት ከገቡት 119 ሴቶች በ1980 የተመረቁት 62 ናቸው፤ አናፖሊስ ከገቡት 81 ደግሞ 55ቱ ተመርቀዋል። ወንዶቹም ቢሆኑ ሁሉም አይጨርሱም። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ቦታ ሴት ልጅ ስትወድቅ «ቀድሞም ቦታዋ አልነበረም» የሚል አፍ አይጠፋም። ስለዚህ የእኅቴ ልጅ የምትጀምርበት ደረጃ ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረም። ከአቅሟ በታች ብትጀምር ጊዜዋ ይባክናል፤ ከአቅሟ በላይ ብትጀምር ደግሞ ስሟ ይሰበራል።

በመሠረቱ «ስንት ጊዜ ተቀመጥሽ?» ሳይሆን «ምን ታውቂያለሽ?» ብሎ መጠየቅ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ከአንዱ ጉባኤ ቤት ወደ ሌላው ሲሻገር መምህሩ የቆየበትን ዓመት ሰምቶ ብቻ አይረካም፤ «እስቲ ንገር» ይለዋል። ጉባኤ ቃና ላይ ያለው ከጉባኤ ቃና፣ መወድስ የደረሰው ከመወድስ ይቀጥላል። ቁርኣን የሚቀራ ልጅም እንዲሁ ነው፤ ሼኩ ፊት አቃንቶ ሳይቀራ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። ሁለቱም በእኛ ቦረና ጎን ለጎን የኖሩ ትምህርቶች ናቸው። የጎጃሟ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስም ዓይነ ሥውር ሆነው፣ ከአባታቸው ቅኔ ተምረው፣ ለብዙ ደቀ መዛሙርት መምህር ለመሆን የበቁት ያወቁትን በማሳየታቸው ነው።

የሚያስገርመው ዌስት ፖይንትም በዚሁ መንገድ መሄዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1802 የተመሠረተውን ይህን አካዳሚ ከ1817 እስከ 1833 የመራው ሲልቫነስ ቴየር የተባለ መኮንን ተማሪዎቹን በትናንሽ ክፍል አከፋፍሎ፣ ትምህርቱን ቀድመው ራሳቸው አንብበው እንዲመጡ፣ ከዚያም በየዕለቱ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመው ያወቁትን እንዲያሳዩ አደረገ። ዛሬም ዘዴው በስሙ ይጠራል። በቴየር ሰሌዳና በየኔታ ወንበር መካከል ውቅያኖስ ቢኖርም ሁለቱም የሚሉት «አሳየኝ» ነው።

ነገር ግን ማሳየት ሁለት ዓይነት ነው፤ ይህን ለመረዳት ከቤታችን አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ።

አባቴ የባሕረ ሐሳብን ቁጥር ያስተማረኝ ምሽት ላይ እሳት ዳር ተቀምጬ ነው። ሴት ልጅ ጉባኤ ቤት ዘልቃ እንድትቀመጥ ባይፈቀድም ቤቷ ተቀምጣ እንዳትቆጥር የከለከለ አልነበረም። የያዝነውን 2018 ዓ.ም. ብንወስድ፣ 5500 ሲደመርበት 7518 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ከ13 አንድ ሲነሣለት 12 ይቀራል፤ እርሱ ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው አበቅቴ ነው፤ 12 ጊዜ 11 ማለት 132፣ ትራፊው 12። በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው ደግሞ መጥቅዕ ነው፤ 12 ጊዜ 19 ማለት 228፣ ትራፊው 18። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። ያለፈው 2017 ዓ.ም. አበቅቴው 1፣ መጥቅዑ 29 ነበር፤ ድምሩ ያው 30።

ይህን በአሥር ዓመቴ ሳልሳሳት እቆጥረው ነበር። ማንም ቢፈትነኝ አልፋለሁ። ድምሩ ሁልጊዜ 30 የሚሆነው ለምን እንደሆነ ግን የገባኝ ካደግሁ በኋላ፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ገብቼ ነው። ምክንያቱ እጅግ ቀላል ነው፤ 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ናቸው። ወንበሩ ምንም ቢሆን አንዱን በ11፣ ሌላውን በ19 አባዝተን ስንደምር በ30 አባዛነው ማለት ነው፤ ሁለቱ ትራፊዎች እያንዳንዳቸው ከ30 ስለሚያንሱ ድምራቸው 30 ራሱ ላይ ያርፋል። ቁጥሩን ማውጣት አንድ ዕውቀት ነው፤ ለምን እንደሚወጣ ማወቅ ሁለተኛ ዕውቀት ነው። የመግቢያ ፈተና አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው የመጀመሪያውን ሲሆን፣ የሚቀጥለው ኮርስ የሚጠይቀው ሁለተኛውን ነው። ከሚዘልሉት ልጆች አንዳንዶቹ የሚሰናከሉት በዚህ ክፍተት ውስጥ ገብተው ነው።

ይህን ለእኅቴ ስነግራት ከፋት። «እትዬ፣ ልጄን ወደ ኋላ ልትጎትቺብኝ ነው?» አለችኝ። ቃሏ ከየት እንደመጣ ስለማውቅ አልተቀየምኋትም። እኅቴ ልጅ ሳለች እናታችን ታማ ሁለት ዓመት ከትምህርት ቀርታ ነበር። ቤት ስትውል ግን የእኔን ደብተር እየወሰደች፣ በኩራዝ እያነበበች፣ የ7ኛ ክፍልን ሒሳብ ጨርሳ የ8ኛውን ጀምራዋለች። ትምህርት ቤት በተመለሰች ጊዜ ያነጋገሯት ሰዎች ደብተሯንም ሳያዩ፣ አንድ ጥያቄም ሳይጠይቋት ከ6ኛ ክፍል እንድትጀምር ወሰኑ። ከእርሷ በብዙ የሚያንሱ ልጆች መካከል ተቀምጣ የምታውቀውን ስትሰማ ከረመች። በሁለተኛው ዓመት መድከም ጀመረች፤ በሦስተኛው ተወችው። ስለዚህ «ልጄ ትዝለል» ስትል የእርሷን የባከነ ዘመን በልጇ ልታስመልስ መፈለጓ ነበር። እንዲህ ያለውን እናት «ትምክሕተኛ» ማለት አይገባም። ትክክል ናት፤ የሚያውቁትን ደግሞ መማር ሰው ይገድላል። ግን የማያውቁትን መዝለልም እንዲሁ ይገድላል። ሁለቱን የምንለይበት ሚዛን ያስፈልገን ነበር።

ልጅቷ አካዳሚው ከመግባቷ በፊት ሁለት ወር ተኩል ነበረን። ኔትወርክ ሲኖር በቴሌግራም፣ ሳይኖር ጠብቀን፣ ሦስት ፈተናዎች ሰጠኋት። ለእናንተም ልጆች ይሆናሉና በዝርዝር እነግራችኋለሁ።

አንደኛው የጊዜ ፈተና ነው። ሦስት ሳምንት ደብተር እንዳትነካ ነገርኋት። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲዎች ለሕዝብ ከለቀቋቸው የቆዩ የማጠቃለያ ፈተናዎች ሁለቱን መርጬ ላክሁላት። ያለ መጽሐፍ፣ ያለ ስልክ፣ ያለ ማስሊያ ማሽን፣ በተወሰነ ሰዓት እንድትሠራ ነገርሁ፤ እናቷ ፈታኝ ሆና ከፊቷ ተቀመጠች። ትናንት ያጠኑትን ዛሬ መሥራት ዕውቀትን አያሳይም። ዕውቀት የሚባለው ሦስት ሳምንት ተትቶ ሲመለሱበት የሚገኘው ነው። የመጀመሪያውን ኮርስ ፈተና ጥቂት ብቻ ስታ ጨረሰችው። የሁለተኛውን ግን ከግማሽ ጥቂት ብትበልጥ ነው፤ የሠራቻቸውም ቀመር ተሸምድዶ የሚመለሱት ነበሩ።

ሁለተኛው የማስረዳት ፈተና ነው። «ያወቅሽውን ለእናትሽ በአማርኛ አስረጂ» አልኋት። እዚህ ላይ ልጅቷ አማርኛዋ የተሰባበረ በመሆኑ ጠቀመን፤ የእንግሊዝኛው ቃል መደበቂያ አልሆናትም። የመጀመሪያው ኮርስ ዋና ነገር የለውጥ ፍጥነት ነው። ልጅቷም እንዲህ ስትል አስረዳች፦ ከደሴ እስከ መካነ ሰላም 180 ኪሎ ሜትሩን መኪና በ6 ሰዓት ቢሄደው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሄደ እንላለን። ነገር ግን ጠመዝማዛው ላይ ከሾፌሩ ፊት ያለው ቆጣሪ 15 ያሳያል፣ ሜዳው ላይ 60። ቆጣሪው በዚያች ቅጽበት የሚያሳየው ቁጥር ምንድን ነው? በጣም ትንሽ ጊዜ ውስጥ የተሄደው ትንሽ መንገድ ለዚያች ጊዜ ሲካፈል፣ ጊዜዋ እያነሰች ስትሄድ መልሱ የሚጠጋው ቁጥር ነው። እኅቴ የጉጉፍቱን ብርድ አስታውሳ ሣቀችና «ገባኝ» አለች። ከ6ኛ ክፍል በግድ የጀመረችው እኅቴ ካልኩለስ ገባት ማለት ነው።

ሁለተኛው ኮርስ ደግሞ ጥቂት በጥቂት የሚከማችን ነገር መደመርን ያስፋፋል። ልጅቷ ቀመሩን በቃሏ አነበነበችው። እናቷ፣ «በክረምት ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደው ውኃ አንዴ ይበረታል፣ አንዴ ያባራል። በርሜሉ ስንት ውኃ እንደያዘ በዚህ ይታወቃል ወይ?» ብላ ጠየቀቻት። ጥያቄው የኮርሱ ልብ ነበር። ልጅቷ ዝም አለች። መልሱ «አዎ» እንደሆነና ለምን እንደሆነ ለመናገር ሁለት ቀን ፈጀባት።

ሦስተኛው የሚቀጥለውን መጽሐፍ የመክፈት ፈተና ነው። ሰው ኮርስ የሚዘልለው ሌላ ላይ ለማረፍ ስለሆነ የማረፊያውን መሬት ቀድሞ መርገጥ ይገባል። የሁለተኛውን ኮርስ የመጀመሪያ ገጾች ብቻዋን አንብባ፣ ጥያቄዎቹን ሠርታ፣ በደስታ መጣች። የሦስተኛውን ኮርስ ስትከፍት ግን በአምስተኛው ገጽ ቆመች፤ የቆመችውም ከሁለተኛው ኮርስ በጎደላት ነገር ላይ ነበር።

እንግዲህ ውሳኔው ራሱ መጣ፤ የመጀመሪያውን ትዝለል፣ ሁለተኛውን ትማር። ልጅቷ ተስማማች። እኅቴ ግን ለጽዋ ማኅበር ጓደኞቿ «ሁለት ዘለለች» ብላ ነግራ ስለነበር ጥቂት ቀን አኩርፋ ሰነበተች። በኋላ ደውላ፣ «እኔን ያለ ጥያቄ ወደ ኋላ መለሱኝ። አንቺ ግን ልጄን ጠይቀሽ ነው የነገርሻት። ልዩነቱን ዐየሁት» አለችኝ። እኔም «አብሽሪ፣ ልጅሽ ወደ ኋላ አልቀረችም» አልኋት።

ክረምቱን ተፈትና የመጀመሪያውን ኮርስ አለፈች፤ በሁለተኛውም ጀመረች። ኮርሱ ቀላል አልሆነላትም። ከሰልፉና ከስፖርቱ ጋር ስትታገል ቆይታ በሴሚስተሩ መጨረሻ ያመጣችው ቢ ነው። ነገር ግን የጻፈችልኝ መልእክት ከኤ የሚበልጥ ሆኖብኛል፤ «አክስቴ፣ አሁን የበርሜሉን ጥያቄ ለማንም ማስረዳት እችላለሁ» ይላል።

አንዳንድ ሰዎች ከዚህ በተቃራኒ፣ «የሚያውቁትን ኮርስ ደግሞ መውሰድ ነው የሚሻለው፤ ሳይደክሙ ኤ ይገኛል» ብለው ይመክራሉ። በጦር አካዳሚ የተማሪው ውጤት ደረጃውን፣ ደረጃውም ኋላ የሚመደብበትን ሥራ ስለሚነካው ምክሩ ከንቱ አይደለም። አዲስ ሕይወት የከበደው ልጅ አንድ የሚያርፍበት ትምህርት ቢኖረው ደግ ነው። ይሁንና አንድ ሴሚስተር ሳያጠና ኤ ያገኘ ልጅ ማጥናትን ይረሳል፤ በሁለተኛው ሴሚስተር እውነተኛው ትምህርት ሲመጣ ያገኘው ኤ አያድነውም። በማስተማር ዘመኔ እንዲህ ሆነው የቀሩ ጎበዝ ልጆችን ዐይቻለሁ። ስለዚህ በበኩሌ የምመክረው፣ የሚታወቀው በእርግጥ ከታወቀ ይታለፍ፣ የሚያስጨንቀው ላይ ግን ይቀመጥ የሚለውን ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በጥድፊያ የተዘለለ ትምህርት ተመልሶ ይለቀማል፤ ያውም እየተቀጡ።

አሁን ደግሞ ወደ እኛው ደጋ ልመልሳችሁ፤ ነገሩን የጻፍሁት ለአሜሪካ እናቶች አይደለምና።

በአገራችን የ12ኛ ክፍል ተማሪ የካልኩለስን መግቢያ ይማራል። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶችን ስለመለሱ፣ የገባ ሁሉ ሒሳብን እንደገና ያገኘዋል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱን ግቢ እዚሁ መካነ ሰላም ላይ ስላደረገ ልጆቻችን ይህን በዓይናቸው ያያሉ። ችግሩ ግን ብዙዎቹ እዚያ በር ላይ አለመድረሳቸው ነው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል፤ ሆኖም ከመቶ ዘጠና አንዱ አሁንም ከመስመሩ በታች ናቸው። ከእነዚህ የተወሰኑት ሬሚዲያል የሚባለውን የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ተምረው እንደገና ይፈተናሉ። ይህ ሁሉ የሚነግረን ልጆቻችን ክፍል ከክፍል ሲሻገሩ ዕውቀቱን ሳይዙ የተሻገሩ መሆናቸውን ነው። ኮርስ መዝለል የአሜሪካኖች ነገር ይመስለናል እንጂ፣ ሳያውቁ ወደሚቀጥለው ክፍል ማለፍስ መዝለል አይደለምን?

ይህ ብቻ አይደለም። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ዘግተዋል። ትምህርት ሲቋረጥ የወንድ ልጅ ዓመት ይባክናል፤ የሴት ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልኳ ይባክናል። ቤት የዋለች ልጅ ውኃ ትቀዳለች፣ ታናናሾቿን ታዝላለች፣ ከዚያም ሽማግሌ ይመጣባታል። የፌዴራሉም የክልላችንም የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርገውታል፤ ነገር ግን ትምህርት የሌላትን ልጅ ሕጉ ብቻውን አይጠብቃትም። እንዲህ ያለችው ልጅ በሩ ሲከፈት ተመልሳ ስትመጣ፣ የምታውቀውን ሳንጠይቅ ወደ ኋላ ብንመልሳት እንደ እኅቴ ትሄድብናለች። የማታውቀውን ሳናይ ወደ ፊት ብንገፋትም በብሔራዊ ፈተናው ላይ ትወድቅብናለች።

ስለዚህ እናንት እናቶች ሆይ፣ ትምህርት ቤት ቢዘጋም የልጃችሁ ደብተር አይዘጋ። ፊደል ባትቆጥሩም ልጃችሁን መፈተን ትችላላችሁ። ማታ ላይ ሥራ ስትጨርሱ አስቀምጣችሁ፣ «ዛሬ ያነበብሽውን አስረጂኝ» በሏት። ካልገባችሁ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ይህች አንዲት ቃል ከብዙ የፈተና ወረቀት የበለጠ ትመረምራለች። አባቶችም ለወንዱ ልጅ የሚገዛውን ኩራዝና ሶላር ለሴቷም አካፍሉ።

እናንት የሙያ ባልደረቦቼ መምህራን ደግሞ፣ ከትምህርት ተቋርጣ የተመለሰች ልጅ ስትመጣ ከመመደባችሁ በፊት አንድ ወረቀትና አንድ ሰዓት ስጧት። የሠራችውን እዩ፤ ያልሠራችውንም እዩ። በሒሳብ ቀድማ በእንግሊዝኛ ወደ ኋላ የቀረች ልትሆን ትችላለች፤ የጎደላትን ለይታችሁ ብትነግሯት ራሷ ትሞላዋለች። እኔ በክፍሌ ይህን ማድረግ ከጀመርሁ ወዲህ፣ «አታውቅም» ተብለው ከኋላ ወንበር ከተቀመጡት ሴቶች መካከል ሰሌዳው ፊት ቆመው ሌሎቹን የሚያስረዱ አግኝቻለሁ።

አንድ ሰዓት ለእኛ ትንሽ ናት፤ ለልጅቷ ግን የሁለት ዓመት ዋጋ አላት።